ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ እና የመስኖ ማሳችን
በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ግርጌ በመስኖ ለሚያለሙ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሆለታ ከተሞች ግርጌ በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር የሚጠቀምበት ውሃ ከሁለት ቦታ የመጣ ነው። አንደኛው ከተራራ ምንጭ የሚወርደው ነው። ሁለተኛው ከከተማው ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ ገበያና ተቋማት የሚወጣው ያገለገለ ውሃ ነው። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ የከተማው ፍሳሽ በብዙ ውሃ ተበርዞ ይሄዳል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ግን የምንጩ ውሃ ሲቀንስ ከከተማው የሚወጣው አይቀንስም፤ እንዲያውም ከተማው ባደገ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ በቦያችን ውስጥ የፍሳሹ ድርሻ ከፍ የሚለው ልክ ሽንኩርቱ፣ ድንቹና ጎመኑ ውሃ በሚፈልጉበት ወቅት ነው።

ይህ ውሃ በአንድ በኩል ሀብት ነው። በበጋ አይቋረጥም፤ ማዳበሪያም ይዞ ይመጣል። በሌላ በኩል ደግሞ የአርሶ አደሩን ቤተሰብ፣ ከብቱንና የገበያ ደንበኛውን ሊያሳምም ይችላል። ሸማቹ በአካባቢው አትክልት ላይ እምነት ካጣ ኪሳራው ለሁሉም አምራች ይተርፋል፤ ጠንቅቆ ያመረተውም ቢሆን አይድንም።

የዚህ ሥልጠና ዓላማ ሦስት ነው፦

• በከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማስረዳት፤
• ማጣሪያ በሌለበት ወይም ባልተሟላበት ከተማ ግርጌ አርሶ አደሩ የጎደለውን ደረጃ በማሳው ላይ እንዴት መሙላት እንደሚችል ማሳየት፤
• በማሳ ላይ ፈጽሞ ሊጣራ የማይችለውን ለይቶ ማወቅና ከከተማው ጋር መነጋገር።

2. ከከተሞቻችን የሚወጣው ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል?

ምዕራብ ሸዋ የሁለት ትልልቅ ተፋሰሶች መከፈያ ነው። የአምቦን ከተማ አቋርጦ የሚያልፈው የሁሉቃ ወንዝ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ አባይ ይገባል። ከአምቦ በስተምሥራቅ ያለው የጊንጪና የሆለታ አካባቢ ውሃ ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። የአዋሽ መነሻ ራሱ በጊንጪ አቅራቢያ ካሉት ከፍታዎች ነው። አዋሽ ከዚያ ወርዶ ቆቃ ግድብ ይገባል፤ ከግድቡ በታች የአዳማ ከተማ የመጠጥ ውሃዋን የምታጣራው ከዚሁ ወንዝ ነው። እኛ ከላይ ያለነው የምንለቀው ከታች ላለው ሕዝብ መጠጥ ይሆናል ማለት ነው።

እንደ አብዛኞቹ የአገራችን መካከለኛና ትናንሽ ከተሞች ሁሉ በዚህ ዞን ከተሞችም ብዙው ነዋሪ የሚጠቀመው የጉድጓድ ሽንት ቤት ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። የመታጠቢያና የእቃ እጣቢ ውሃ በአብዛኛው ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ይደፋል። ሞልቶ የሚፈስ ሽንት ቤትም በዝናብ ጊዜ ወደዚያው ቦይ ይገባል። ቦዩ መጨረሻው ወንዝ ነው። በአምቦ የሁሉቃና የአላልቱ ወንዞች የውሃ ጥራት ተመራማሪዎች ጥናት ያካሄዱበት ጉዳይ መሆኑም ችግሩ ትኩረት የሚሻ መሆኑን ያመለክታል።

3. በፍሳሹ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

የከተማ ፍሳሽ ከመቶ 99 እጅ በላይ ውሃ ነው። የቀረው ጥቂት ክፍል ግን አራት ነገሮችን ይዟል።

ሀ. ብስባሽ። የምግብ ትራፊ፣ ሰገራ፣ ሳሙናና ዘይት ነው። በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን ስለሚጨርሰው ወንዙ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ዓሣም አይኖርበትም።

ለ. የተክል ምግብ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው። በከረጢት ገዝተን ከምናመጣው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እዚህም አለ።

ሐ. በሽታ አምጪ ተህዋስያን። የተቅማጥ፣ የታይፎይድና የኮሌራ ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶች፣ አሜባና ጃርዲያ እንዲሁም የወስፋትና የሌሎች ትላትል እንቁላሎች ናቸው። ባልተጣራ ፍሳሽ ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በአንድ የቡና ስኒ በሚያህል ውሃ፣ ከሰገራ የመጡ ባክቴሪያዎች ከአንድ ሚሊዮን እስከ መቶ ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ። ባክቴሪያ በፀሐይ በቀናት ውስጥ ይሞታል። የወስፋት እንቁላል ግን ጠንካራ ሽፋን ስላለው እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል።

መ. ኬሚካል። የጋራዥ ዘይት፣ የባትሪ አሲድና እርሳስ፣ ቀለም፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ፣ የመድኃኒት ቅሪት የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ ከሌሎቹ የሚለዩበትን በክፍል 9 እንመለከታለን።

4. የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ እንዴት ይሠራል?

ማጣሪያ ማለት አንድ ማሽን አይደለም። በተከታታይ የሚሠሩ ደረጃዎች ናቸው። እህል ስናዘጋጅ አበጥረን፣ አንፍሰን፣ ለቅመን እንደምንጨርሰው ሁሉ ፍሳሽም በአንድ ጊዜ አይጠራም።

ቅድመ ደረጃ፦ ፍሳሹ በብረት ወንፊት ያልፋል። ፕላስቲክ፣ ጨርቅና እንጨት እዚህ ይቀራሉ። አሸዋም ይዘቅጣል።

አንደኛ ደረጃ፦ ውሃው በሰፊ ገንዳ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ዘይት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የዘቀጠው ዝቃጭ ይባላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ብስባሽ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እንዲበሉት ይደረጋል። ባክቴሪያዎቹ አየር በሌለበት ወይም አየር ባለበት ሁኔታ ሊሠሩ ይችላሉ። አየር በሌለበት ሲሠሩ እንደ ባዮጋዝ ማብላያ ጋዝ ያወጣሉ።

ሦስተኛ ወይም የላቀ ደረጃ፦ ከሁለተኛው ደረጃ የወጣው ውሃ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ተህዋስያን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አሁንም አሉበት። በላቀ ደረጃ ውሃው በአሸዋ ወይም በስስ ማጣሪያ ያልፋል፤ በክሎሪን፣ በልዩ ብርሃን ወይም በፀሐይ ተህዋስያኑ ይገደላሉ፤ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱም ይቀነሳሉ። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ሐይቅና ግድብ ሲገቡ እምቦጭንና አልጌን ስለሚቀልቡ ነው የሚቀነሱት። እምቦጭ በቆቃና በጣና ያስከተለውን ችግር ሁላችንም እናውቃለን።

በአገራችን ትልቁ ምሳሌ የአዲስ አበባው የቃሊቲ ማጣሪያ ነው። መጀመሪያ የተሠራው በኩሬ ዘዴ ሲሆን በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ታስቦ ነበር። ከተማዋ ስታድግ ይህ አልበቃም። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረው አዲሱ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም አለው። በውስጡ ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀጥሎ ባክቴሪያ በተጣበቀበት ንጣፍ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ከአፍሪካ ከተሞች የናሚቢያዋ ዊንድሁክ ከዚህም ርቃ ሄዳለች፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሳሿን እስከ መጨረሻው አጣርታ ወደ መጠጥ ውሃ መሥመር ትመልሳለች።

ለትናንሽ ከተሞች ግን ብዙ ኤሌክትሪክና መለዋወጫ የሚፈልግ መሣሪያ አያዋጣም። ለእነሱ የሚመከረው ተከታታይ ኩሬ ነው። የመጀመሪያው ከ3 እስከ 5 ሜትር ጥልቀት ያለውና አየር የሌለበት ነው። ሁለተኛው ከ1 እስከ 2 ሜትር ጥልቀት ኖሮት አልጌ አየር የሚሰጠው ነው። የመጨረሻው ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ብዙ የማይበልጥና ፀሐይ ተህዋስያንን የምትገድልበት ነው። ዘዴው የሚፈልገው በዋናነት መሬትና ፀሐይ ነው። በሞቃት አገር በግምት ለአንድ ነዋሪ ከ2 እስከ 5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። 20,000 ነዋሪ ላላት ከተማ ከ4 እስከ 10 ሄክታር ማለት ነው። እንደ እኛ ባለ ደጋማ አካባቢ ቅዝቃዜው ሥራውን ስለሚያዘገየው ወደ ከፍተኛው መጠን ማሰብ ይሻላል።

5. ማሳው የመጨረሻው ማጣሪያ ነው

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመጣለን። ከተሞች ብዙ ገንዘብ አውጥተው በሦስተኛው ደረጃ የሚያስወግዱት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለተክል ምግብ ነው። ፍሳሹ በሚገባ በተያዘ የመስኖ ማሳ ላይ ሲያልፍ ሰብሉ ይህን ምግብ ይወስደዋል፤ አፈሩ ብስባሹን ይይዛል፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ትገድላለች። ይህ የላቀ ማጣሪያ የሚሠራውን ሥራ መሥራት ነው። ከከተማ ግርጌ የሚያለማ አርሶ አደር፣ ማንም ባይነግረውም፣ የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ የመጨረሻ ደረጃ ሠራተኛ ሆኗል።

ልዩነቱ አንድ ነው። በማጣሪያ ጣቢያ ሥራው በሥርዓት ይከናወናል፤ ሠራተኛውም ጓንትና ቦቲ ያደርጋል። በማሳ ላይ ግን ሥርዓት ካልተበጀ ማሳው ማጣሪያ መሆኑ ቀርቶ ተህዋስያንን ወደ ገበያ ማጓጓዣ ይሆናል። የሚቀጥሉት ክፍሎች ይህን ሥርዓት ያስረዳሉ።

6. አጥር በአጥር ላይ

የዓለም ጤና ድርጅት ቀደም ሲል ያወጣው መመሪያ በጥሬው ለሚበላ ሰብል የሚውል የመስኖ ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከሰገራ የመጡ ባክቴሪያዎች ከ1,000 እንዳይበልጡ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የትላትል እንቁላልም ከ1 እንዳይበልጥ ይላል። ማጣሪያ የሌላት ከተማ ይህን አታሟላም። ድርጅቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሌላ መንገድም አሳይቷል። ውሃው በአንድ ቦታ ሙሉ በሙሉ ባይጠራ ከማሳ እስከ ማዕድ ድረስ በርካታ አጥሮችን በመደርደር ያው ውጤት ሊገኝ ይችላል። አንዱን አጥር ጅብ ቢያልፈው ሁለተኛው ይይዘዋል እንደማለት ነው።

እያንዳንዱ አጥር በግምት የሚያደርገው ቅነሳ የሚከተለው ነው። "በ10 እጥፍ" ማለት ከአሥር ተህዋስያን ዘጠኙ ይወገዳሉ፣ አንዱ ይቀራል ማለት ነው።

• ውሃውን በኩሬ አሳርፎ ሳይበጠብጡ መቅዳት፦ ከ10 እስከ 100 እጥፍ
• በፈሰስ ማጠጣት፣ ውሃው ቅጠሉንና ፍሬውን ሳይነካ፦ ከ10 እስከ 100 እጥፍ
• በጠብታ መስኖ ማጠጣት፦ መሬት ላይ ለሚያድግ ሰብል 100 እጥፍ፣ ከፍ ብሎ ለሚያፈራ እንደ ቲማቲም ላለ ሰብል 10,000 እጥፍ
• ከመሰብሰብ በፊት ውሃ ማቆም፦ በእያንዳንዱ ፀሐያማ ቀን ከ3 እስከ 100 እጥፍ
• በንጹሕ ውሃ ማጠብ፦ 10 እጥፍ
• መላጥ፦ 100 እጥፍ
• በሚገባ ማብሰል፦ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ

ለምሳሌ በቦያችን ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ አለ እንበል። ኩሬው ወደ 10,000 ያወርደዋል። በፈሰስ ስናጠጣ ጉዳቱ ከ1,000 ጋር ይስተካከላል። ከመሰብሰቡ በፊት ጥቂት ቀን ስናቆም ወደ 100፣ በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ደግሞ ወደ 10 ይጠጋል። አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው።

ልብ በሉ፦ ይህ ስሌት ለባክቴሪያ ነው። ለትላትል እንቁላል ዋናው አጥር ኩሬው ነው፤ እንቁላሉ ከውሃ ስለሚከብድ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ታች ይዘቅጣል።

7. በማሳ ላይ የሚተገበሩ ሥራዎች

7.1 ሦስት ኩሬ ማዘጋጀት

ሩብ ሄክታር አትክልት በበጋ በቀን በግምት 12 ሜትር ኩብ ተኩል ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው የሁለት ቀን ውሃ፣ ማለትም 25 ሜትር ኩብ የሚይዙ ሦስት ኩሬዎች ይበቃሉ። አፉ 6 ሜትር በ6 ሜትር፣ ወለሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ ይህን ያህል ይይዛል። ግድግዳው ወደ ውስጥ የተንጋደደ መሆኑ ለመረሬ አፈር ይጠቅማል፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይናዳል።

አሠራሩ በፈረቃ ነው። አንዱ ኩሬ ለሁለት ቀን ሲሞላ፣ ሁለተኛው ለሁለት ቀን ያለ እንቅስቃሴ ያርፋል፣ ከሦስተኛው ይጠጣል። በየሁለት ቀኑ ተራው ይዞራል። መሬት የተረፈው ሰው ኩሬውን ቢያሰፋና ውሃውን ለረጅም ቀን ቢያሳርፍ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ጥንቃቄዎች፦
• ውሃ የሚቀዳ ሰው ኩሬው ውስጥ አይግባ፤ ዝቃጩን ያስነሳዋል።
• በሞተር ፓምፕ የሚጠቀም የመምጠጫውን ቱቦ አፍ ከባዶ ጀሪካን ጋር አስሮ ከውሃው ፊት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲንሳፈፍ ያድርግ። ከወለሉ 25 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ፓምፑ ይቁም።
• ኩሬው ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድና ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።
• ሕፃናትና ጥጆች እንዳይገቡበት ይታጠር። ማጠር የማይችል ኩሬውን አይቆፍር።
• ወለሉ ላይ የሚከማቸው ዝቃጭ የትላትል እንቁላል የታጨቀበት ነው። ኩሬው ሲጠረግ በቀጥታ ወደ ማሳ አይበተን፤ በክፍል 8 በተገለጸው መንገድ ይያዝ።

7.2 የሰብል ምርጫ

በፍሳሽ ለተቀላቀለ ውሃ የመጀመሪያው ምርጫ እህል፣ በቆሎ፣ የዘር ሽንኩርት፣ የችግኝ ጣቢያና የደን ዛፍ ነው። ሁለተኛው በሚገባ ተቀቅሎ የሚበላው እንደ ድንች፣ የሀበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን ያለው ነው። በጥሬው የሚበሉት ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲምና ቃሪያ የመጨረሻ ምርጫ ናቸው። እነሱን የሚያመርት ሰው ከላይ የተዘረዘሩትን አጥሮች በሙሉ መጠቀም አለበት። ካሮት በተለይ የሚበላው ክፍል አፈሩ ውስጥ ስለሆነ የኩሬውን ዕረፍት የሚተካ ነገር የለም።

7.3 አጠጣጥና አሰባሰብ

ቅጠል ላይ ከላይ መርጨት ይቅር። ሰብሉ በመደብ ላይ፣ ውሃው በፈሰስ ውስጥ ይሁን። ከመሰብሰብ ከ3 ቀን በፊት ውሃ ይቁም። ሰላጣና ቆስጣ በዚህ ጊዜ ክብደታቸው ሊቀንስ ስለሚችል ቢያንስ ሁለት ቀን ይታገሱ፤ ሲሰበሰብም ጠዋት በቅዝቃዜ ይሁን።

7.4 የመጨረሻው እጥበት

ብዙ ጊዜ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካሮትና ቀይ ሥር ለገበያ እንዲያምር ተብሎ በወንዝ ዳር በእግር እየተረገጠ ይታጠባል። ወንዙ ከከተማ በታች ከሆነ ከዚህ በፊት የሠራነው አጥር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ምርቱ በቧንቧ ወይም በጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ይህ ካልተገኘ አፈሩን አራግፎ ሳይታጠብ ወደ ገበያ ማቅረብ ይሻላል። ደረቅ አፈር ያለበት ካሮት በቆሻሻ ውሃ ታጥቦ ከሚያብረቀርቀው የተሻለ ነው፤ ይህን ለደንበኛም ማስረዳት ይቻላል።

7.5 የሠራተኛ ጤና

የመንጠቆ ትል እጭ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ቦቲ ጫማ ግዴታ ነው። ከሥራ በኋላና ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ፣ የሥራ ልብስን ከቤት ልብስ መለየት፣ ሕፃናትን ከቦይ ማራቅ ያስፈልጋል። በዚህ ውሃ የሚሠራ ቤተሰብ ስለ ትላትል መድኃኒት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ያማክር።

7.6 መኖና ከብት

ብዙ ሰው "ለሰው ካልሆነ ለከብት ይሁን" ብሎ ፍሳሹን ወደ ሣር ይለቃል። ይህ የራሱ አደጋ አለው። ኮሶ ያለበት ሰው ሰገራ ውስጥ ያለው እንቁላል በፍሳሹ ወደ ሣሩ ይሄዳል። ከብቱ ሣሩን ሲበላ እንቁላሉ በሥጋው ውስጥ ወደ እጭነት ይለወጣል። ያ ሥጋ በጥሬው ወይም ለብ ለብ ብሎ ሲበላ ኮሶው ተመልሶ ወደ ሰው ይገባል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገራችን ይህ ዑደት በቀላሉ አይቋረጥም። ስለዚህ ለመኖ የሚውል ውሃም በኩሬ ይረፍ። ውሃ ከቆመ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከብት አይግባ፤ ሣሩ ታጭዶና ደርቆ ቢሰጥ ደግሞ ይመረጣል።

7.7 ማዳበሪያን መቀነስ

በአንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ውስጥ 30 ግራም ናይትሮጅን አለ እንበል። በአንድ የበጋ ወቅት ለአንድ ሄክታር 5,000 ሜትር ኩብ ብናጠጣ 150 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ሰጠን ማለት ነው። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ስለሆነ ይህ ከ3 ኩንታል ዩሪያ በላይ ነው። ፍሳሹ በወንዝ ውሃ ግማሽ በግማሽ ከተበረዘ ደግሞ ግማሹን ያህል ይሆናል።

በዚህ ላይ የተለመደውን ዩሪያ ስንጨምር ገንዘባችንን እናባክናለን፤ ሰብሉንም እንጎዳለን። ሽንኩርቱ አንገቱ ይወፍራል፣ ዘግይቶ ይደርሳል፣ በመጋዘን ይበሰብሳል። ድንቹ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሥሩ ግን ያንሳል። ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሙከራ ነው። ከማሳው ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ ሦስት መደቦች ተለይተው ለአንዱ የተለመደው ዩሪያ፣ ለሁለተኛው ግማሹ፣ ለሦስተኛው ምንም ሳይሰጥ ምርቱ ይመዘን። የአንድ ዓመት ሚዛን ከብዙ ክርክር ይሻላል።

8. ዝቃጭን በተመለከተ

ከከተማ ሽንት ቤት የሚመጠጠውን ዝቃጭ ማሳ ላይ ማስደፋት የሚመርጥ አርሶ አደር ይኖራል፤ አፈሩ ይጠቁራል፣ ምርቱም ይጨምራል። ነገር ግን ጥሬ ዝቃጭ በማሳ ላይ አይደፋ። ሁለት አስተማማኝ መንገዶች አሉ።

አንደኛው ማቆየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ አካባቢ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት በደረቅ ሁኔታ እንዲቆይ ይመክራል። ቆላ አገር አንድ ዓመት ይበቃል። አምቦና ከዚያ ከፍ ያለው አካባቢ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሁለት ዓመት መያዝ ይገባል።

ሁለተኛው በኮምፖስት ማፍላት ነው። የደረቀ ዝቃጭ ከጭድ፣ ከቅጠልና ከገለባ ጋር ተደባልቆ ይከመራል። የክምሩ መሐል ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መድረስና በዚያው ሙቀት ለሁለት ሳምንት ያህል መቆየት አለበት፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ መገልበጥ ያስፈልጋል። ውጪው ወደ ውስጥ ካልተገለበጠ ከዳር ያለው እንቁላል አይሞትም። ቴርሞሜትር ከሌለ ብረት ሰክቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ማውጣት ይቻላል፤ በእጅ ሊያዝ ካልቻለ ክምሩ እየሠራ ነው። ከበሰለ በኋላም ቢሆን ከመዝራት በፊት ከአፈር ጋር ይደባለቅ እንጂ በቆመ አትክልት ላይ አይበተን።

9. በማሳ ላይ የማይጣራው

እስካሁን የተነጋገርነው ፀሐይ ስለሚገድለው፣ ስለሚዘቅጠውና ተክል ስለሚበላው ነገር ነው። እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም የመሳሰሉ ብረቶች ግን አይበሰብሱም፣ አይሞቱም። በየዓመቱ አፈር ውስጥ ይከማቻሉ፤ በተለይ ቅጠላማ አትክልት ይወስዳቸዋል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳር ለአሥርተ ዓመታት የተካሄደው የአትክልት ልማት ለዚህ ማስረጃ ነው። የፋብሪካና የጋራዥ ፍሳሽ ከሰው ፍሳሽ ጋር ስለተቀላቀለ በጥናቶች በአትክልቱ ውስጥ ከፍተኛ ብረት ተገኝቷል። ይህን ማጠብም ሆነ ማብሰል አያስወግደውም።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ኢንዱስትሪው ገና አነስተኛ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የተበከለ አፈርን ከማጽዳት ሳይበከል መጠበቅ እጅግ ይቀላል። በውሃው ላይ ዘይት ሲያብረቀርቅ፣ ያልተለመደ ቀለም ሲታይ፣ የኬሚካል ሽታ ሲኖር ወይም ዓሣና እንቁራሪት ሞተው ሲገኙ ቦዩ ወዲያውኑ ይዘጋ፤ ለልማት ሠራተኛውና ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤትም ይነገር።

10. ከከተማው ጋር መነጋገር

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ከሕጉ ባሻገር ግን አርሶ አደሩና ከተማው አንዱ ለሌላው የሚያስፈልጉ ናቸው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ለከተማው አስተዳደርና ለመጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ግልጽ ይሁኑ፦

• የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና የሚደፋበት የተከለለ የዝቃጭ ማድረቂያ ቦታ ይዘጋጅ፤ ወንዝ ዳር አይደፋ።
• የጋራዥ፣ የቀለምና የሕክምና ተቋማት ፍሳሽ ከመነሻው ይለይ፤ ዘይት መያዣ ጉድጓድ ይኑር።
• ለወደፊቱ የማጣሪያ ኩሬ የሚሆን መሬት በከተማው ፕላን ላይ አሁኑኑ ይያዝ። ቤት ከተሠራበት በኋላ ማስለቀቅ ውድ ነው። ቦታው ከከተማው በታች፣ ከመስኖ ማሳው ግን በላይ ቢሆን ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ይወርዳል።
• ማጣሪያው ሲሠራ የተጣራው ውሃ ለማን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚደርስ በጽሑፍ ስምምነት ይደረግ። ይህ ካልሆነ ዛሬ ማንም የማይፈልገው ውሃ ነገ ሲጠራ የሚሻማበት ይበዛል።

11. ማጠቃለያ

ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ በበጋ ከማሳችን አይቀርም። ልንወስን የምንችለው ማሳው ማጣሪያ እንዲሆን ወይም በሽታ አስተላላፊ እንዲሆን ነው። ኩሬ፣ ፈሰስ፣ የሦስት ቀን ትዕግሥት፣ ንጹሕ እጥበትና ቦቲ ጫማ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። የፋብሪካና የጋራዥ መርዝ ግን በማሳ ስለማይጣራ ከምንጩ መቆም አለበት።

ሞዴል አርሶ አደሮች ወደ ልማት ቡድናችሁ ስትመለሱ በሚከተሉት ላይ ተወያዩ፦

1. ውሃችን የሚመጣው ከከተማው በላይ ነው ወይስ በታች? በመንገዱ ላይ ምን ምን ይገባበታል?
2. በዚህ የበጋ ወቅት ቡድናችን በጋራ የት ቦታ ሦስቱን ኩሬዎች ሊቆፍር ይችላል?
3. ካሮታችንንና ቀይ ሥራችንን የምናጥበው የት ነው? ሌላ ቦታ አለ?
4. ያለ ዩሪያ የሚሞከረውን መደብ ማን ይይዛል? ውጤቱስ መቼ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ይቀርባል?